ከመቶ ስምንቱ ብቻ ነበር የተሰማው፦ የዳባሁ ጉዳይ

መስከረም 16 ቀን 1998 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ነበር። አዲስ አበባ ችቦ ስታዘጋጅ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአፋር ሌላ እሳት ተነሳ። ዳባሁ ከሚባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ፣ ዳኡሬ በተባለ ቦታ መሬቱ ተቀደደ። አመድ ወደ ሰማይ ወጣ። አካባቢው ለሦስት ቀን ያህል ጨለመ። አርብቶ አደሮች ቀያቸውን ጥለው ሸሹ።

የተቀደደው አፍ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ፎቶው ዓለምን ዞረ። አፍሪካ ለሁለት ተሰነጠቀች፣ አዲስ ውቅያኖስ ሊወለድ ነው ተባለ። ፎቶው ላይ ያለው ግን የጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ነገር የሆነው ከመሬት በታች ነው። ርዝመቱም 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያንን ማንም በዓይኑ አላየውም። የታወቀው በስሌት ነው። ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ስለዚያ ስሌት ነው። ምን መረጃ ነበረ? እንዴት ተሠራ? የትስ ላይ ጎደለ?

ቦታው

አፋር ሦስት የምድር ሰሌዳዎች የሚገናኙበት ምድር ነው። የዓረቢያው ሰሌዳ ከአፍሪካ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። የእግር ጥፍር ከሚያድግበት ፍጥነት ብዙም አይለይም። ነገር ግን መሬቱ በየዓመቱ ሁለት ሁለት ሴንቲ እያለ አይከፈትም። ውጥረቱን ይይዛል፣ ያጠራቅማል። ለመቶዎች ዓመታት ዝም ይላል። ከዚያ በአንድ ሳምንት የዘመናት ዕዳውን ይከፍላል።

በሰሜን ዳባሁና ጋብሆ የሚባሉ እሳተ ገሞራዎች አሉ። ከእነርሱ ወደ ደቡብ የማንዳ ሐራሮ ስምጥ ይዘረጋል። መሐል ላይ አዶአሌ የሚባል ያረጀ የእሳተ ገሞራ ክምር አለ። ይህን ስም ያዙልኝ። በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ የተሰማው

የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ የተመዘገበው መስከረም 4 ነው። እስከ መስከረም 24 ድረስ መጠናቸው ከ3.9 በላይ የሆኑ 163 መንቀጥቀጦች ተቆጠሩ። በ20 ቀን ውስጥ ማለት ነው።

ለምን 3.9? ከዚያ ያነሰ ስላልነበረ አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሾች እንደነበሩ መገመት አያቅትም። ግን የሚሰማቸው መሣሪያ በአቅራቢያው አልነበረም። አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ተራራ ላይ ያለው ጣቢያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጂቡቲ ውስጥ አርታ ያለው ደግሞ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ። ከዚህ ርቀት ትንሹ መንቀጥቀጥ በነፋስና በመኪና ድምፅ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

እስኪ አንዱን መዝገብ ጠጋ ብለን እንየው። ፉሪ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ድንገት ይርገበገባል። ይህ ፈጣኑ ሞገድ ነው። ወደ 50 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ከበድ ያለ ሁለተኛ ሞገድ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰከንድ በ8 ሲባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት ይሰጣል። ሻካራ ስሌት ነው፣ ግን ይሠራል። ችግሩ ሁለተኛው ሞገድ በንጹህ መስመር ላይ አይመጣም። የመጀመሪያው ጭራ ገና እየተንቀጠቀጠ ነው የሚደርሰው። አንባቢው በ2 ሰከንድ ከሳተ፣ ቦታው በ16 ኪሎ ሜትር ይስታል። በመስከረሙ ትርምስ ደግሞ አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያበቃ ሌላው ይገባበት ነበር።

አንድ ጣቢያ ርቀት ብቻ ይሰጣል፤ ክብ ማለት ነው። ሦስት ክቦች ሲገናኙ ነጥብ ይሆናል። ኮምፒውተሩ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። አንድ ቦታ ይገምታል። ከዚያ ቦታ ቢነሳ ሞገዱ የትኛው ጣቢያ ስንት ሰዓት ይደርስ እንደነበር ያሰላል። ከተመዘገበው ጋር ያስተያያል። ልዩነቱ እስኪያንስ ድረስ ግምቱን ያንቀሳቅሳል። ለዚህ ግን ሞገዱ በአለቱ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ማወቅ አለበት። የአፋር ቅርፊት፣ ማለትም የምድር ጠንካራው የላይ ሽፋን፣ ከደጋው ግማሽ ገደማ ነው ውፍረቱ። ለሁለቱም አንድ ሠንጠረዥ ከተጠቀማችሁ ነጥቦቹ ሁሉ ተያይዘው ወደ ጎን ይንሸራተታሉ።

ጥልቀት የባሰ ነው። ከሩቅ ጣቢያ ጥልቀት መለየት እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆልፈዋል። ዜና ላይ «ጥልቀቱ 10 ኪሎ ሜትር» የሚል ስትሰሙ ይህን አስታውሱ። አብዛኛውን ጊዜ የተለካ ቁጥር አይደለም። ማስቀመጫ ነው።

ያም ሆኖ ነጥቦቹ አንድ ነገር ተናገሩ። ተበትነው አልቀሩም። ከሰሜን ወደ ደቡብ ረዘም ባለ ቀበቶ ላይ ተደረደሩ። አንድ ጉድጓድ ብቻ እንዳልፈነዳ፣ ሙሉ የስምጡ ክፍል እንደተነካ ጠቋሚ ነበር። ከዚህ በላይ ግን መሄድ አልቻሉም።

ከላይ የታየው

እዚህ ላይ ሳተላይቱ ገባ። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ኢንቪሳት የተባለች ሳተላይት ነበረችው። ከ800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ሆና ራዳር ትልካለች፤ የተመለሰውን ትቀበላለች። ወደ አንድ ቦታ በዚያው መስመር የምትመለሰው በ35 ቀን አንዴ ነው። ከመንቀጥቀጡ በፊት ያነሳችው አለ፤ በኋላ ያነሳችውም አለ። ሥራው ሁለቱን ማነጻጸር ነው።

የራዳሩ ሞገድ ርዝመት 5.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ሄዶ ስለሚመለስ፣ መሬቱ ወደ ሳተላይቷ ወይም ከሳተላይቷ 2.8 ሴንቲ ሜትር ሲንቀሳቀስ ሞገዱ አንድ ሙሉ ዙር ይለወጣል። ምስሉ ላይ ይህ አንድ የቀለም ቀለበት ሆኖ ይወጣል። ቀለበቶቹን ቁጠሩ፣ በ2.8 አባዙ፤ እንቅስቃሴው ተገኘ።

በወረቀት ቀላል ነው። ጉዱ ያለው ቆጠራው ላይ ነው። ሰዓት ላይ የደቂቃው ዘንግ ብቻ አለ እንበል። ሃያ ደቂቃ ማለፉን ታያላችሁ። ከስንት ሰዓት ላይ ሃያ እንዳለፈ ግን አታውቁም። ራዳሩም እንዲሁ ነው። ዙሩ ውስጥ የት እንዳለ ይነግራችኋል፣ ስንተኛው ዙር እንደሆነ አይነግራችሁም። ስለዚህ ካልተንቀሳቀሰ ቦታ ተነስታችሁ፣ ከአንዱ ነጥብ ወደ ጎረቤቱ እየተራመዳችሁ ዙሮቹን ትቆጥራላችሁ። ጎረቤታሞች ነጥቦች ከግማሽ ዙር በላይ እስካልተለያዩ ድረስ ቆጠራው ይሄዳል።

አሁን ዳባሁን አስቡ። መሬቱ በሜትሮች ነው የሄደው። 8 ሜትር ለ2.8 ሴንቲ ሜትር ሲካፈል 286 ዙር ገደማ ይሆናል። ሙሉው እንቅስቃሴ ወደ ሳተላይቷ አቅጣጫ ባይሆን እንኳን በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ብዙ ዙር ነው። ስምጡ መሐል ላይ ቀለበቶቹ ተጨናንቀው አንዱ ከሌላው አልለይ አለ። ምስሉ ዳር ዳሩ ላይ ያማረ ነበር፣ መሐሉ ግን የቀለም ጭቃ ሆነ። በጣም ማወቅ የሚፈለገው ቦታ ላይ መረጃው ጠፋ።

መፍትሔው ወደ ሻካራው መንገድ መመለስ ነበር። ዙሩን ተዉትና የምስሉን ድምቀት ያዙ። በፊት የተነሳው ላይ ያለ አንድ የላቫ ጠርዝ በኋላ የተነሳው ላይ የት ሄደ? ኮምፒውተሩ ትንንሽ ቁራጮችን እየወሰደ ያገጣጥማል። ይህ ዘዴ በአስር ሴንቲ ሜትሮች ይስታል። መሬቱ በሴንቲ ሜትር ብቻ ለሚንቀሳቀስበት እሳተ ገሞራ ከንቱ ነው። መሬቱ በሜትሮች ሲሄድ ግን ከበቂ በላይ ነው። ዳሩን በጥራቱ ዘዴ፣ መሐሉን በሻካራው ሸፈኑት።

ሳተላይቷ በጎን ስለምትመለከት አንድ ምስል በአንድ አቅጣጫ ያለውን እንቅስቃሴ ብቻ ይሰጣል። ወደ ሰሜን ስትወጣና ወደ ደቡብ ስትወርድ ያነሳቻቸው ተጣምረው፣ ከድምቀቱ ልኬት ጋር ሲደመሩ ምስራቅ፣ ሰሜንና ከፍታ ተለይተው ወጡ። ከዚያ በፊት ደግሞ የተራራና የሸለቆ ቅርጽ ያመጣውን ቀለም ማጥፋት ያስፈልጋል። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2000 የጠፈር መንኮራኩር የሠራው የከፍታ ካርታ አለ። አፋር በረሃ መሆኑም ረዳ። ቅጠልና ሰብል የሌለበት መሬት ራዳርን አያታልልም። ይኸው ዘዴ ጥቅጥቅ ባለ ደን ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

የወጣው ቅርጽ እንዲህ ነበር። የስምጡ ግራና ቀኝ ተራራቀ፣ ከፍም አለ። መሐሉ ሰመጠ። ቅርጹ ራሱ ተናገረ ማለት ይቻላል። ስንጥቅ ተንሸራትቶ ብቻ ሁለቱንም ዳር እንዲህ አያነሳም። ከታች ቆሞ የሚከፈት ነገር ሲኖር ነው መሬት እንዲህ የሚሆነው። በሙያው ዳይክ ይሉታል፤ ቅልጥ አለት አለቱን ሰንጥቆ እንደ ግድግዳ ሲቆም ማለት ነው።

ግድግዳውን መገንባት

ከዚህ በኋላ ያለው የሞዴል ሥራ ነው። ቅርፊቱን እንደ ጎማ የሚለጠጥና የሚመለስ አድርጎ ማሰብ። በጥልቀት ውስጥ አንድ አራት ማዕዘን ግድግዳ ይህን ያህል ቢከፈት ላይኛው መሬት በስንት ይነሳል የሚለውን የሚያሰላ ቀመር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዓለም ላይ ያሉ የእሳተ ገሞራ ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል። 60 ኪሎ ሜትሩን ግድግዳ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍለው፣ እያንዳንዱ ስንት ሜትር ቢከፈት ሳተላይቷ ያየችው ቅርጽ ይወጣል ብለው ወደ ኋላ ይፈቱታል።

ይህ ሒሳብ አንድ መልስ ብቻ የለውም። ጥልቅ ያለው ክፍል ላይ ላዩ የሚያሳየው ምልክት ደብዛዛ ነው። ኮምፒውተሩን ያለ ገደብ ብትለቁት አንዱን አራት ማዕዘን 20 ሜትር ከፍቶ አጠገቡን ይዘጋዋል፤ ቁጥሩም ይገጥማል። አለት ግን እንዲህ አይከፈትም። ስለዚህ «ጎረቤቶች ተቀራራቢ ይሁኑ» የሚል ገደብ ይገባል። ምን ያህል? እሱን የሚወስነው ሰው ነው። ከሞዴል ሥራ ውስጥ እኔ በጣም የማከብረው ይህን ክፍል ነው። ውሳኔው ተደብቆ ሳይሆን በግልጽ ተጽፎ ሲቀርብ ሌላው መርምሮ መቃወም ይችላል።

ተመራማሪው ቲም ራይትና ባልደረቦቹ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2006 ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት። ከጸሐፊዎቹ መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ አሉበት። ግድግዳው ከ2 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ጥልቀት መካከል ቆሟል። እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። የገባው ቅልጥ አለት 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ራሳችሁ ሞክሩት፦ 60 በ7 ሲባዛ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድግዳ ነው። 2.5ን ለዚያ ብታካፍሉ በአማካይ 6 ሜትር ገደማ ክፍተት ይመጣል። ለማነጻጸር፣ የህዳሴ ግድብ ከሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ሠላሳኛው ያህል ማለት ነው። ውሃ ሳይሆን የቀለጠ አለት። 8 ሜትሩን በዓመት 2 ሴንቲ ብታሰሉት የ400 ዓመት ዕዳ ነው።

አሁን ዋናው ቁጥር። የመንቀጥቀጦቹ ሁሉ ድምር የታየውን የመሬት እንቅስቃሴ ሊያስረዳ የቻለው ከመቶ 8 ብቻ ነው። ቀሪው 92 ድምፅ አላሰማም። ቅልጥ አለቱ አለቱን ገፍቶ ገባ፣ ስንጥቆቹም ብዙውን በዝግታ ተንሸራተቱ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ጣቢያዎች አንዳንዱ መንቀጥቀጥ 5 ነው፣ 5.5 ነው እያሉ ሲዘግቡ፣ ከሥሩ አንድ የስምጥ ክፍል ሙሉውን ተሰንጥቋል። መንቀጥቀጥ ብቻ ቆጥረን ቢሆን ኖሮ መጠነኛ ትርምስ ብለን በዘጋነው ነበር። ይህ ሐሳብ ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

ሒሳቡ አልገጥም ሲል

ቅልጥ አለቱ ከየት መጣ? የመጀመሪያው መልስ ከሰሜን የሚል ነበር። ሳተላይቷ ዳባሁና ጋብሆ ሲሰምጡ አይታለች። ጋኑ ሲቀዳ እንደሚጎድለው፣ ከሥራቸው ያለው ማጠራቀሚያ ጎድሏል። ፍንዳታውም እዚያው ሰሜን ነው የሆነው። ነገሩ የተዘጋ ይመስላል።

ሌላ ቡድን ግን እንደገና ሠራው። የራዳሩ ምስል ላይ ስፖት የተባለችውን ሳተላይት የብርሃን ፎቶ ጨመረ፣ የግድግዳውን ቅርጽም በራሱ መንገድ አቀና። የዚህኛው መጠን ከ1.5 እስከ 2 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ወጣ። ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ሁለቱም በቅን ሠርተዋል። ይህን ያህል ልዩነት መኖሩ ራሱ መረጃ ነው፤ ከሞዴል የሚወጣ ቁጥር ትከሻው ሰፊ መሆኑን ያሳያል።

ይበልጥ ያስገረመው ግን የቀሪ ሒሳቡ ነው። ከዳባሁ የጎደለው 0.42፣ ከጋብሆ 0.12። ድምሩ 0.54 ነው። ወደ ግድግዳው የገባው ግን ቢያንስ 1.5። አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ የት ነው ያለው?

ሁለት መልስ ቀረበ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ ቅልጥ አለት እንደ ውሃ አይደለም የሚል ነው። ጋዝ አለበት፤ ሲጨመቅ ያንሳል፣ ሲለቀቅ ያብጣል። የተናወጠ ለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት ማየት ነው። ጥቂት ከወጣ በኋላ የቀረው ስለሚያብጥ ማጠራቀሚያው የወጣለትን ያህል አይጎድልም። ሁለተኛው፣ ያላየነው ሌላ ማጠራቀሚያ አለ የሚል ነው። ጥልቅ ያለ፣ መሐል ላይ፣ አዶአሌ ሥር። ምልክቱ በግድግዳው ግዙፍ እንቅስቃሴ ተሸፍኖ ቀርቷል።

ይህን በሞዴል ብቻ መለየት አይቻልም ነበር። መሬት ላይ መሣሪያ ያስፈልጋል።

መሣሪያው ሲደርስ

ከጥቅምት 1998 ጀምሮ የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎችን ስምጡ ዙሪያ ተከሉ። በረሃ ነው። ባትሪ፣ የፀሐይ ሰሌዳ፣ ሳጥን። አሁን ርቀቱ በመቶዎች ሳይሆን በአስር ኪሎ ሜትሮች ሆነ። ትንንሾቹ መንቀጥቀጦች መሰማት ጀመሩ፤ ጥልቀትም የምር መለካት ጀመረ።

ያኔ ነው ዳባሁ ያልጨረሰ መሆኑ የታየው። በሰኔ 1998 ሁለተኛ ዳይክ ገባ። በሐምሌ ሌላ። በዚህ ጊዜ ግን ጆሮ ነበረ። የመንቀጥቀጦቹን ቦታ በሰዓት ቅደም ተከተል ስትደረድሩት ነጥቦቹ ይራመዳሉ። መነሻቸው ሰሜን አልነበረም። ከመሐሉ፣ ከአዶአሌ ነው ተነስተው በስምጡ ርዝመት የተጓዙት። ፊት ፊት የሚሄደው መንቀጥቀጥ የግድግዳው አፍንጫ ነው፤ አለቱ እየተሰነጠቀ ቅልጡ ይከተላል።

ከ1998 እስከ 2002 ዓ.ም. በጠቅላላው 14 ዳይኮች ገቡ። ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም ትንንሾች ናቸው። ነሐሴ 1999፣ ሰኔ 2001 እና ግንቦት 2002 ላይ ላቫ ከመሬት ወጣ። የሌሎቹ ዳይኮች ጉዞ በአብዛኛው ከመሬት በታች አለቀ። መሐል ያለው ማጠራቀሚያ ይሞላል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይሞላል። የ1998ቱ የመጀመሪያ ሞዴል ሐሰት አልነበረም። ያየውን በትክክል ነው የተናገረው። የሰሜኑ ማጠራቀሚያዎች እውነትም ጎድለዋል። የመሐሉ ግን ለመታየት ሁለተኛ ዓይነት መረጃ ይፈልግ ነበር።

እንደ ዳባሁ ያለ ክስተት ከዚያ በፊት በቅርብ የተከታተሉት በአይስላንድ ክራፍላ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1984። ያኔ ግን የመሬትን እንቅስቃሴ በራዳር ሳተላይት መከታተል አልተጀመረም ነበር።

ከ19 ዓመት በኋላ ፈንታሌ ላይ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ታኅሣሥና ጥር ላይ በረታ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ነቅቷል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአፋርና ከኦሮሚያ ቀበሌዎች ተነስተዋል።

ኢንቪሳት ከአገልግሎት ውጪ ከሆነች ቆይታለች። ቦታዋን ሴንቲኔል የተባሉት ሳተላይቶች ወስደዋል። የሚመለሱት በ35 ሳይሆን በ12 ቀን ነው። መረጃቸው ነጻ ነው፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ተማሪ በላፕቶፑ ማውረድ ይችላል። ምስሉ ላይ የወጣውም የሚታወቅ ቅርጽ ነው። ሁለቱ ዳር ተራርቆ መሐሉ ሰምጧል። ዳይክ። የሚጠየቁትም እነዚያው ጥያቄዎች ናቸው፦ ግድግዳው የት ነው የቆመው፣ ስንት ሜትር ተከፈተ፣ ከላይ ጫፉ ለመሬቱ ምን ያህል ቀረበ። በዳባሁ ጊዜ የእነዚህ መልስ በወራት ቆይቶ ነው የታተመው። ፈንታሌ ላይ ሰው ገና ድንኳን ውስጥ እያለ ነበር የመጣው።